ከግንቡ ሥር የቆመችው መኪና

ባሌ ኔቪል መዋሸት አይችልም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን እንደ ጥሩ ጠባይ ቆጥሬለት ነበር። ለካስ ስንፍና ነው። ውሸት ሥራ ይጠይቃል፤ ኔቪል ደግሞ ሥራውን ከግማሽ ላይ ይተወዋል።

የጋብቻችን ቀን እሑድ ዋለና ምሳ ልጋብዝሽ አለኝ፤ ወንዙ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ዳር ወዳለችው «ጥቁሩ መልህቅ» ወደምትባል መጠጥ ቤት።

«ገብቼባት አላውቅም፤ ዓሣዋ ግን ጥሩ ነው ይላሉ» አለ።

ዝናብ ይዘንባል። ከበሯ ፊት ለፊት፣ ከውሃው ጠርዝ፣ ባዶ የመኪና ቦታ ሞልቷል። ኔቪል ሁሉንም አልፎ ዳገቱን ወጣና ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አቆመ።

«ምነው ሰውዬ፣ በሩ እዚያ ነው እኮ!»

«ትንሽ ብንራመድ ምን አለበት?»

«በዚህ ዝናብ?»

«ካፊያ ነው።»

ጫማዬ በስብሶ ገባሁ። ውስጡ መርገጫ የለውም፤ የረጠቡ ውሾች፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት፣ ብርጭቋቸውን ከሰው ራስ በላይ አንሥተው የሚሹለከለኩ ጎረምሶች። ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛ አገኘንና እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ ሊያዝ ወደ ባንኮኒው ሄደ።

ሃያ ሰባት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ የሚኮርጅን ተማሪ ከጀርባው አውቀዋለሁ። ባለቤቲቱ ማቪስ የሚሏት፣ ክንደ ወፍራም ቀይ ጠጉራም ሴት ናት። ከኔቪል በፊት የቆሙ አምስት ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። እሱን አልጠየቀችውም። ገና አፉን ሳይከፍት ቢራውን ቀዳችለት።



«ታውቅሃለች?» አልኩት ሲመለስ።

«ማን?»

ዓሣውና የተጠበሰው ድንች መጣ። እኔ ሰላጣ ብዬ ነበር፤ አተር አመጡልኝ። ስለ ሰላጣው የምናገረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ሳለ ማቪስ ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለውን ደወል ደበደበችው።

«ባለ መኪናዎች! ባሕሩ እየሞላ ነው! የሰማያዊዋ ባለቤት ማነው? ጎማህን እያጠበልህ ነው፤ ሳሙና ላምጣልህ?»

ለካስ ባሕሩ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ እየሞላ የመኪና ማቆሚያውን ይውጠዋል። የቤቱ ግማሽ ብድግ አለ። ወንበር ወደቀ፣ ቢራ ፈሰሰ፤ አንድ ሰውዬ የአፍ መጥረጊያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጠ። የቀሩትን አየኋቸው። ሦስት ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች፣ ሹራብ የምትሠራ አሮጊት፣ ውሾቹ። እና ባሌ። ድንቹ ላይ ኮምጣጤ እየረጨ ነበር፤ ቀናም አላለ።

«መኪናችንን አታይም?»

«ውሃው ግንቡ ጋ አይደርስም» አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማውና እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት። ሐሙስ ሐሙስ።»

«ሐሙስ የመዘምራን ልምምድ አለህ!»

«መዘምራኑን ትቻለሁ።»

«እሷ ናት? ያቺ ቀይ ጠጉራም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ አሮጊቷ ሹራቧን አቆመች።

ማቪስ ራሷ ባዶ ሳህን ተሸክማ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «የኔ ወርቅ፣ ባል የምሰርቅ ብሆን ትንሽ ወሬ የሚያውቀውን እመርጥ ነበር። ባልሽ በሁለት ዓመት የነገረኝ ‹አመሰግናለሁ› ብቻ ነው። ቦታውም ያውልሽ።» በአገጯ አሳየችኝ፤ መስኮቱ ሥር አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር።

እሷ ስትሄድ «እዚያ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ውሃውን አያለሁ።»

«እያየህ ምን ታስባለህ?»

«ይኸው፣ ሄስተር። እዚያ ይህን የሚጠይቀኝ የለም።»

ሴት ብትሆን እችላት ነበር። ስሟን ጠይቄ፣ ቤቷ ሄጄ፣ ልክ ልኳን ነግሬ እመለስ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ቦርድ ጋር ተሟግቼ ረትቻለሁ፤ የከተማውን ምክር ቤት በደብዳቤ አንበርክኬአለሁ። ለወንበር ግን ምን ይባላል? ባሌ በዝናብ እየነዳ የሚመጣው ወደዚያች ወንበር ነው። መዋሸት የማይችለው ሰው ለእሷ ሲል ዋሽቷል። ለእኔ ሲል ግን ዋሽቶ አያውቅም። እግሯ የተወላገደ፣ ቀለሟ የለቀቀ የእንጨት ወንበር፤ ዓይኗን ባጠፋው ደስ ባለኝ።

ሹካዬን አነሣሁ። ዓሣው ቀዝቅዟል። ስለ ሰላጣው ያዘጋጀሁትን ንግግር ከአተሩ ጋር ዋጥኩት። ውጭ፣ መኪኖቹ ቆመው በነበሩበት ቦታ፣ አንድ ነጭ የውሃ ወፍ ይዋኛል። አየሁት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለእኔ ብዙ ነበር።

«ዝም አልሽ» አለ ኔቪል።

«እያየሁ ነው።»

እሱም ዞሮ ማየት ጀመረ። መኪናቸውን ያዳኑት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ረጥበው፣ እየተሳሳቁ ተመለሱ።

«ሐሙስ ብመጣስ?» አልኩ።

ወደ ወንበሯ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ውሃው። መምጣት ያለብኝ ለምን እንደሆነ የሚያስረዱ ሦስት ምክንያቶች ምላሴ ላይ ደርሰው ነበር፤ በጥርሴ ያዝኳቸው።

«ስትመጪ» አለ በመጨረሻ፣ «ከግንቡ ሥር አቁሚ።»