ቀስ ብለሽ ውረጂ

ተፈራ ገና ረዳት ሳለ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋሻው አፍ አጠገብ በነበረች አንዲት ሻይ ቤት ሁለት ሾፌሮች ሲጨዋወቱ ሰምቶ ነበር። ዘመኑ ርቋል፤ የሰዎቹን ፊት እንኳ ከጉሙ ጋር አደባልቆ ነው የሚያስታውሰው። አንደኛው፣ ወፍራሙ ይመስለዋል፣ «እኔ የማይገባኝ» አለ፤ «እኛስ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዘን፣ በፍሬን አባብለን እንወርዳለን። አውሮፕላን ከተራራ መሀል ሲወርድ ምኑን ይዞ ነው?»

ሌላው ሳቀና «እሱማ የሚይዘው...» ብሎ ጀመረ። ያን ጊዜ የተፈራ ሾፌር ክላክስ አደረገ፤ ተፈራም ታኮውን ከጎማው ሥር ሊያነሳ ሮጠ። መልሱ እዚያው ሻይ ቤት ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም መሪ ጨበጠ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ዋሻ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዷል። ጣርማ በር ላይ ካፖርቱን እንደለበሰ ይነሳል፣ ደብረ ሲና ላይ ቁልፉን ይፈታል፣ ሮቢት ሲገባ በካናቴራ ነው። አንድም ቀን ሰው አልገጨም፤ አንድም ቀን መኪና አልገለበጠም። ምስጢሩ ምንድን ነው ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ቀስ ማለት ነው። ማርሹን አክብደው፣ ዳዊቱን በቃል እየደገሙ፣ ቀስ።» መንገደኛ ሲሸኝ ቀስ በል፣ ሙሽራ ሲያጅብ ቀስ በሉ፣ ሌላ ምርቃት የሚያውቅ አይመስልም።

ዓይኑ ደከም ሲል መሪውን ትቶ ሮቢት ተቀመጠ። ልጁ ሜሮን ደግሞ ከመሬት ከፍ ብላ መሪ ያዘች። ረዳት አብራሪ ሆነች ሲባል፣ መናኸሪያው አጥር ሥር የሚቀመጡት የድሮ ጓደኞቹ አለቀቁትም።

«ተፈራ፣ አንተም ረዳት ነበርክ፣ ልጅህም ረዳት ሆነች። ታዲያ እሷም በሩ ላይ ተንጠልጥላ ‹ወራጅ አለ!› ትላለች?»

አብሯቸው ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም። ሜሮን የምታበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ወደ ሰሜን ተራሮች ነው የሚመላለሰው። ከማረፊያዎቹ አንዱን አንድ ጊዜ በመዳፏ አሳይታዋለች፤ በወዲህ ጫፉ ገደል፣ በወዲያኛው ተራራ፣ መንደርደሪያው ራሱ ዳገት። ያንን መዳፍ ካየ ወዲህ በበረራዋ ቀን ጠዋት ሳይደውልላት ቀርቶ አያውቅም።

«ሜሩዬ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ እሺ?»

«እሺ አባባ።»

ከዚያ ‹አርፌያለሁ› የምትል መልእክት እስክትመጣ እህል አይቀምስም። በሮቢት ሰማይ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር፣ የሷ ሆነም አልሆነ፣ ድምፁ ከተራራው ጀርባ እስኪጠፋ ቆሞ ይሸኘዋል። ማታ ማታ ሲጸልይም ልመናው አጭር ነበረች፤ «ጌታዬ፣ ልጄን ከዚያ ሰማይ በደኅና አውርድልኝ።»

ሰኞ ከቀትር በኋላ ስልኩ ሲጮህ ተፈራ እጁን እየታጠበ ነበርና ያነሳችው ሚስቱ ብዙነሽ ናት። ጭኗ ላይ ሰፌድ አድርጋ የማሾ ጠጠር ትለቅማለች።

«እማዬ» አለች ሜሮን በቀጭን ድምፅ፣ «ወደቅኩ።»

ሰፌዱ ተገለበጠ። «የት? የት ላይ? ኧረ እግዚኦ! ሰዉስ? ሰዉስ ተረፈ?»

ተፈራ «ወደቅኩ» የሚለውን አልሰማም፤ የብዙነሽን ፊት ነው ያየው። በረጠበ እጁ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እማዬ! ኧረ ፈተና ነው! ፈተና ወደቅኩ ነው የምልሽ!»

ብዙነሽ እያለቀሰች ተቆጣች። «ታዲያ ፈተና አትይም? አብራሪ ሰው ዝም ብሎ ወደቅኩ ይላል?»

ነገሩ ይህ ነበር። አብራሪዎች በየስድስት ወሩ ምስለ በረራ በሚሉት ማሽን ውስጥ ገብተው ይፈተናሉ። ከአዳራሹ አይወጣም እንጂ መሪው፣ መስኮቱ፣ መንቀጥቀጡ ሁሉ እንደ እውነቱ ነው። ፈታኙ ያንን ባለ ገደል ማረፊያ አመጣባት፤ ሳትደርስበት ቀረች። ለቅዳሜ አንድ ተጨማሪ ዕድል ሰጥተዋታል።

ማክሰኞ በሚኒባስ ሮቢት መጣች። ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ዋለች። እናቷ ፓፓያ ስትቆርስላት ትበላለች፤ ሲጠይቋት ‹ደኅና ነኝ› ትላለች። ረቡዕ ጾም ስለነበር ዘግየት ብለው ምሳ ቀረቡ፤ ሜሮን የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

«ቅዳሜ አልሄድም።»

«እንዴት?» አለ ተፈራ።

«አልሄድማ። መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ይፈልጉልኝ እላቸዋለሁ። የበረራ ሰዓት የሚያወጣም፣ ወረቀት የሚያገላብጥም ሰው አላቸው።»

«ተመስገን!» አለች ብዙነሽ፣ ሳትደብቅ።

ተፈራም በውስጡ ተመስገን ብሏል። ሦስት ዓመት የለመነው ይኸው መጣለት፤ ከእንግዲህ እህል ሳይቀምስ መልእክት አይጠብቅም። ወዲያው አንድ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ። ሜሮን ቀና ልትል ጀመረችና፣ ሰው እንደጠራት ሁሉ ደንግጣ፣ አንገቷን ደፋች። ያቺን አንገት ሲያይ ምሳውን ተወ። እጁን ታጥቦ ወጣ።

የሄደው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የኸድር ጌም ቤት ነው። ኸድር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ አባቱ ከሰንበቴ ገበያ እህል ሲጭን ከተፈራ መኪና ሌላ የማያምን ሰው የነበረ ነው።

«ኸድር፣ አውሮፕላን ያለበት ጨዋታ አለህ ሲሉ ሰማሁ።»

«አለ ጋሼ ተፈራ። ማን ይነካዋል፣ ሁሉም ኳስ ነው የሚለው። ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

ኸድር ሊስቅ ነበር፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠና ወንበር ሳበለት። «ቢስሚላህ ይበሉ እንግዲህ።»

«በስመ አብ» አለና ተቀመጠ።

«ተራራ ላይ ያለ፣ አስቸጋሪ ማረፊያ ፈልግልኝ።»

ኸድር ከማያውቁት አገር አንዱን አገኘ። አስነስቶ፣ አቅጣጫ አስይዞ፣ መሪዋንና የነዳጅ መስጫዋን ለቀቀለት። መጀመሪያ ተፈራ በቀጥታ ተራራውን ገጨ። ሁለተኛ ገደል ገባ። ሦስተኛ ላይ ማረፊያው ከፊቱ ወለል ብሎ ታየው። መሬቱ እየፈጠነ ሲመጣ፣ ሃያ ስምንት ዓመት እንደለመደው፣ ነዳጁን ቀነሰ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ዘቀጠ። ፍሬን የረገጠ ያህል መሪዋን ወደ ደረቱ ሳበ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ኧረ ነዳጅ ይስጡት!»

«ቁልቁለት ላይ? ነዳጅ?»

«ፍጥነቱ አለቀ እኮ!»

«ቀስ ልበል ብዬ ነው!»

ስክሪኑ ተናወጠና ጠቆረ። ኸድር ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ አይሱዙ አይደለም! አይሱዙን አስፋልቱ ተሸክሞታል፤ ይሄን የተሸከመው ፍጥነቱ ነው። ከልክ በታች ቀስ ካሉ ይጥልዎታል።»

የሻይ ቤቱ ሾፌር መልስ፣ ሠላሳ ስንት ዓመት ዘግይታ፣ ከኸድር አፍ ወጣች። ተፈራ ግን ደስ አላለውም። የነዳጅ መስጫዋን እንደጨበጠ ቀረ። ሦስት ዓመት፣ በበረራ ቀን ሁሉ፣ ልትነሳ ስትል፣ ምን ሲላት ነበር የኖረው?

«ምነው ጋሼ? ጨዋታ እኮ ነው።»

«አይደለም» አለ ተፈራ። «ድገምልኝ።»

ሁለት ጊዜ ደገመ፤ ሁለቱንም ጊዜ እያወቀ፣ ለራሱ ‹ስጠው፣ ስጠው› እያለ፣ እጁ በራሷ ጊዜ ቀነሰች።

ቤት ሲመለስ ሜሮን ከማንጎው ሥር ነበረች። በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በዚያ ማሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ይቅር አባባ።»

«ፍጥነት ጎደለብሽ?»

ዞር አለች። «ማን ነገረዎት?»

«ኸድር ቤት አምስት ጊዜ ወድቄ መጣሁ።»

ከመጣች ወዲህ ሳቋ ያመለጣት ያኔ ነው። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሳቁ ሲበርድ ጣቶቿን እያየች መናገር ጀመረች። «መንደርደሪያው ዳገት ሲሆን ዓይን ያታልላል። ከፍ ብለው የመጡ ይመስልዎታል። ልውረድ ብለው ሞተሩን ይቀንሳሉ። ይሄን የማያውቅ አብራሪ የለም፤ በወረቀት ብጠየቅ አልሳሳትም። የዚያን ዕለት ፍጥነት ማነሱን ለማስጠንቀቅ መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጄ መጨመር ሲገባው ቀነሰ።»

«ለምን?»

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች።

«ንገሪኝ፤ ግድ የለም።»

«የእርስዎ ድምፅ ነው የመጣልኝ። የዚያን ዕለት ጠዋትም ደውለዋል። ሁልጊዜ እሰማዋለሁ አባባ፤ ሰምቼ አልፈዋለሁ። የዚያን ዕለት ታዘዝኩት።»

ተፈራ ከበርጩማው ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ። «ታዲያ ስንት ዓመት እንዲህ ስል ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አባት መርቆ ሲሸኝ ‹ተሳስተዋል› ይባላል?»

ብዙነሽ ከበሩ ብቅ ብላ ቆማለች። ተፈራ ሁለቱንም አየ። ዝም ቢል ነገሩ ያልቃል። ልጁ መሬት ላይ ትቀራለች፣ እሱም እህሉን በሰዓቱ ይበላል። ‹ይቅርብሽ› ማለት እንኳ አይጠበቅበትም፤ ዝም ማለት ይበቃል።

«ሂጂ» አለ። «ቅዳሜ ሂጂና ተፈተኚ።»

«ፈርተዋል እኮ። ድምፅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ፈርቻለሁ። ስሞት ነው የሚለቀኝ። ግን ፍርሃቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ጋ መቀመጫ ምን አስያዘው?»

ሜሮን ቀና ብላ በቅጠሎቹ መሀል ሰማዩን አየች። «እሄዳለሁ» አለች። «እርስዎ ግን ቅዳሜ አይደውሉም።»

«እሺ፣ ያቺን ቃል አልልም። ‹በርቺ› ብቻ—»

«‹በርቺ›ም አይበሉ። ካለፍኩ በኋላም፣ በበረራ ቀን ጠዋት አይደውሉም። ሳርፍ እኔ እደውላለሁ።»

«ብትዘገዪስ?»

«ብዘገይም።»

«ጉም ቢይዝሽስ? እዚያ ማረፍ አቅቶሽ ብትመለሺ?»

«ጉም ካለ ተመልሶ ሌላ ቦታ ማረፍ ሥራዬ ነው። እንዲያውም ስልክ ጨርሶ የማይመቸኝ ያኔ ነው።»

«እኔስ?» አለች ብዙነሽ ከበሩ።

«አንቺማ መች ደውለሽ ታውቂያለሽ እማዬ?»

«እሱ ስልኩን መች ለቆልኝ!»

ተፈራ አልሳቀም። «አጭር መልእክትስ? አንድ መስመር? ሳትከፍቺው ብትቀመጥ እንኳ...»

«አባባ!»

ላቡን በክንዱ ጠረገ። የቅዳሜን ጠዋት አሰበው፤ ፀሐዩ ሲወጣ፣ ሰዓቱ ሲቆጥር፣ ጠረጴዛው ላይ ዝም ያለው ስልክ። ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ ስልኩን አወጣና ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

«ብዙነሽ፣ ቅዳሜ ይሄን አንቺ ትይዥዋለሽ። እሷ እስክትደውል ብለምንሽ፣ ብቆጣሽ፣ እንዳትሰጪኝ።»

ብዙነሽ ተጠግታ ተቀበለችው። «ማል።»

«አልምልም» አለ ተፈራ። «እሺ ብያለሁ፤ አልደውልም።»