የእማማ ሙሉወርቅ የትውልድ ቦታ

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከቴሌቪዥን ነው። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አደባባይ ቆሞ፣ «ይህች አገር ሥር የሰደዱባት ሰዎች አገር ናት፤ ጎርፍ ያመጣውን ለይተን እናውቀዋለን» አለ። ተጨበጨበለት። ጎርፍ ያመጣው ማን እንደሆነ አልተናገረም፤ ያንን ለሰሚው ተወለት።

ብዙም ሳይቆይ አየር ጤና ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አንዱን ተሳፋሪ፣ «ጎርፍ ያመጣህ፣ ጠጋ በል» ሲለው ሰማሁ። ሰው ሳቀ፤ ተሳፋሪውም አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ ቃሉ እድራችን ገባ። የኮሚቴ ምርጫ ሲነሳ ሊቀመንበራችን ጋሽ አምሐ፣ ሥር ያለውና ጎርፍ ያመጣው እኩል መመረጥ እንደማይገባው ተናገሩ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እናቱ ከዱራሜ የመጡትን ማኑሄን ነበር። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ እሰጣለሁ፣ ሊቀመንበሩ ቀብር ላይ ያነቡታል። የጋሽ አምሐን አባት ታሪክም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብቸና ተወልደው በጭነት መኪና ነው ሰፈራችን ቀራንዮ የገቡት።

ከዚያ የማኑሄ እናት እማማ ሙሉወርቅ አረፉ። የትውልድ ከተማቸውን ዱራሜን ሳያነሱ ሰላምታ የማይጨርሱ ሴት ነበሩ። የቀራንዮ ዝናብ ለእሳቸው ዝናብ አልነበረም።

ታሪካቸውን ልጠይቅ ስሄድ ማኑሄ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ፣ ከደንበኛ ጋር በጩኸት የሚጫወት ሰው ነው። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር ያናገረኝ።

«ኪዳንዬ፣ ዱራሜን ተዋት። ቀራንዮ ተወለደች ብለህ ጻፍ።»

«እናትህ እኮ ናቸው።»

«እሷ ሄደች። እኔ ነገ ሱቅ እከፍታለሁ።»

እናቱ የሞተችበትን ሰው መከራከር አቃተኝ፤ ጻፍኩ። ያ ባለሥልጣን ቀራንዮ በየት በኩል እንደሆነች ላያውቅ ይችላል። አንዲት አሮጊት ግን ሳጥን ውስጥ ተኝተው ሳለ የተወለዱበትን ቀማቸው።

መካነ መቃብሩ ውስጥ ከእኛ ወዲያ ሌላ ቀብር ነበር። ጋሽ አምሐ ወረቀቱን ተቀብለው በዓይናቸው አለፍ አለፍ እያሉ አዩት። የትውልድ ቦታው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና፣ መልሱን ላገኘ ተማሪ እንደሚደረግ ለማኑሄ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ከዚያ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ ወይዘሮ ሙሉወርቅ እዚሁ ቀራንዮ መወለዳቸውን አነበቡ።

ጠዋት ከዱራሜ በአውቶቡስ የደረሱት የማኑሄ አክስት ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ቆይ» አሉ። ሳጥኑን አዩ፣ ሰዉን አዩ። «ይሄ የሌላ ሰው ቀብር ነው?»

ወደ ማኑሄ ዞሩ።

«የእኔ እህት ዱራሜ ነው የተወለደችው። አንድ ቤት ነው የተወለድነው። ማኑሄ፣ እናትህ የታለች?»

ማኑሄ ጫማውን እያየ ቆመ። ጋሽ አምሐ ጉሮሯቸውን ጠርገው ካቆሙበት ቀጠሉ። አክስቲቱ ተነሱና ነጠላቸውን ሰብስበው፣ እህታቸውን ፍለጋ ወደ ሌላኛው ቀብር መራመድ ጀመሩ።