ከነጠላዋ ስር

«ፈታ አድርጊው እንጂ፣ ታፍነሽ ልትሞቺ ነው እኮ» አለች አክስቷ ተሾመች፤ እጇንም ወደ ሕይወት አንገት ሰደደች።

ሕይወት ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ጥቁሩን ሻሽ አገጯ ስር ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ዘወር ብለው አዩዋትና ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ። ልጅቱ ከአረብ አገር የደረሰችው እናቷ ከተቀበረች በኋላ ነው፤ ሐዘኑ ቢያስበረግጋት ማን ይፈርድባታል ተባባሉ።

ሕይወትን ያስበረገጋት ግን ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። ከሻሹ ስር አንገቷ ባዶ ነው፤ ማተብ የለውም። ዛሬ ሠልስት ነው፤ ቄስ ምስጋናው ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጫሉ። ጠበል ሲረጭ ደግሞ ሴቱ ሁሉ ሻሹን አውልቆ ጎንበስ ይላል። የለተብርሃን ልጅ ማተቧን በጥሳለች ከተባለ ሐይቅ ከተማ ዓመት ሙሉ የሚያወራው አገኘ ማለት ነው።

ያውም የለተብርሃን ልጅ! ለተብርሃን ከአምባሰል ተድራ ስትመጣ ግንባሯ ላይ የተነቀሰ መስቀል ነበራት፤ ሃይማኖቷን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ውኃ ስትጠጣ ታማትባለች። ሚኒባሱ በእስጢፋኖስ መገንጠያ ሲያልፍ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ትሳለማለች። ልጇ ፈንታሁን ባጃጁን ሊያስነሳ ሲል ጎማው ላይ ሳይቀር ታማትብበታለች። ገበያ ላይ ባቄላ ስትሸጥ ሚዛኑ ላይ ስለምታማትብ ሙስሊሞቹ ደንበኞቿ «በይ ባርከሽ ጨምሪልን» እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም ስቃ አንድ እፍኝ ጣል ታደርግላቸዋለች።

ማተቡን ያስበጠሳት ወደ አረብ አገር የላካት ደላላ ነው። ሰዎቹ የሚፈልጉት ሙስሊም ሠራተኛ ነው ብሎ ሀኒያ የሚል ስም አወጣላት። ደሴ ላይ፣ የሰው ቤት መታጠቢያ ውስጥ ቆማ፣ ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። ለእናቷ አልነገረቻትም። ስሙን እያደር ለመደችው፤ ባዶ አንገቷን ግን አልለመደችውም።

ጭንቁ የባሰው በቪዲዮ መደዋወል ሲጀምሩ ነው። እናቷ በፈንታሁን ስልክ ታወራትና፣ ልትሰናበት ስትል ሁልጊዜ እጇን አንስታ የልጇን ፊት በመስቀል ምልክት ትባርካለች። አንድ ቀን የምትሠራበት ቤት እመቤት መጥታ ከሕይወት ጀርባ ቆመች። የእናቷ እጅ ገና ከፍ እንዳለ ሕይወት ስልኩን ዘጋችባት። እመቤቲቱ፣ እናትሽ ግንባሯ ላይ ያለው ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። እሳት ያቃጠላት ነው አለች።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ተለወጠች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ትቀርባለች፤ እጇንም አታነሳም። ደህና ሁኚ ብላ ብቻ ትሰናበታታለች። ሕይወት መጀመሪያ እፎይ አለች፤ ውሎ ሲያድር ግን ሌላ ፍርሃት ገባት። አውቃብኛለች፣ ምርቃቷን ነፍጋኛለች ብላ አመነች። እናቷም ሳትመርቃት ሞተች። ከቄሱም ከወሬውም ይልቅ የምትፈራው ይህንን ነበር። መልሱን ስለፈራች እስካሁን ማንንም ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ከደጅ ወንዶቹ ብድግ ብድግ ሲሉ ተሰማ፤ ቄሱ መጥተዋል። ከወንዶቹ በኩል ጸሎቱ ሲጀመር ሕይወት ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። የእናቷ ጎረቤት አሚናት ለሙስሊሙ ለቀስተኛ የሚሆነውን ወጥ በራሷ ድስት ለብቻው እያማሰለች ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለቻት።

«እትዬ አሚናት፣ እማዬ ተቀይማኝ ነው የሞተችው?»

አሚናት ማማሰያውን አስቀመጠች። «ማን አለሽ?»

«እኔን መባረክ ትታ ነበር። እጇን አታነሳም ነበር።»

አሚናት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተጠጋቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። ስልኩ ድንገት የተዘጋ ዕለት ለተብርሃን ከልጇ ጀርባ የቆመችውን ሴት አይታ ነገሩ ገብቷት እሷ ቤት መጥታ ነበር፤ ልጄን ላስጨርሳት ነበር እያለች። የሙስሊም እናት ሻሿን እንዴት ነው የምታስረው፣ ግንባሬ እንዳይታይ አሳዪኝ ብላ ለመነቻት። አሚናትም በገዛ እጇ አሰረችላት። ሰው ፊት ግንባሯን ሸፍና የማታውቅ ሴት፣ የፈንታሁንን ስልክ ይዛ ለመደወል በመጣች ቁጥር ታሳስራለች፤ ወሬው ሲያልቅ ፈትታው ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

«ስልኩን የምይዝላት እኔ ነበርኩ» አለች አሚናት። «አንቺ የምታዪው ፊቷን ነው። እኔ እጇን አይ ነበር። ወላሂ፣ አውርታሽ እስክትጨርስ እጇ ከነጠላዋ ስር አያርፍም፤ ስታማትብብሽ ነው የምትቆየው። አብሽሪ ልጄ።»

ሕይወት አፏን በሻሹ ጫፍ አፍና አለቀሰች። አሚናት ትከሻዋን ይዛት ቆመች፤ ወጡ ከስር እየያዘ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ቄስ ምስጋናው በሴቶቹ በኩል ጠበሉን መርጨት ጀምረዋል። ሻሽ ይወልቃል፣ አንገት ይጎነበሳል፣ ጥቁሩ ክር ይታያል፤ እሳቸውም አንድ በአንድ እያሉ ወደ እሷ ይቀርባሉ። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ወሬው የት እንደሚደርስ አታውቅም። ወደ እመቤቲቱ ቤት መመለሷንም እንጃ። አክስቷ ተሾመች አጠገቧ ተቀምጣ ታያታለች።

ቄሱ ፊቷ ደርሰው ቆሙ። ሕይወት አገጯ ስር ያለውን ቋጠሮ ፈታችው፤ ሻሹ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ተሾመች ባዶውን አንገት ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ። ጠበሉ ቀዝቅዞ በማጅራቷ ፈሰሰ። ሕይወት ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ስር አወጣችና ሁሉም እያያት፣ እናቷ ገበያ መሐል ታደርገው እንደነበረው፣ ከግንባሯ ወደ እምብርቷ፣ ከግራ ትከሻዋ ወደ ቀኝ፣ ሰፋ አድርጋ አማተበች።