የአምስት ደቂቃ በር

አጎቴ አንድ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላ በራሱ የሚከፈት በር ካልሠራሁ ብሎ ድርቅ አለ። አክስቴ፣ "አምስት ደቂቃ ለማን ይበቃል?" ብትለው፣ "ለጨዋ ሰው ይበቃል" አላት፤ ለመጣ ገዢ ሁሉም ይህንኑ ይል ነበር።

ሶፍትዌሩ የእኔ ድርሻ ሆነ። በሩ ላይ ያለችው ኮምፒውተር ሚጢጢ ናትና ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ፣ ማለትም ሲ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዝግጁ ኮድ፣ ከአቅሟ በላይ ሆነባት። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ የራሴን ትንሽዬ ላይብረሪ ጻፍኩ። ሥራው መላላክ ነው፤ የፕሮግራሙን ጥያቄ ለከርነሉ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ዋና አዛዥ ያደርሳል፣ መልሱንም ይዞ ይመለሳል። ፕሮግራሙ "አምስት ደቂቃ አስተኛኝ" ይላል፤ ሲነቃ በሩን ይከፍታል። ብቻዬን ገብቼ ስሞክረው ሰዓቱን ጠብቆ ተከፈተ። ደረቴን ነፋሁ።

እንዲህ ዓይነት በሮች ልትገዛ ያሰበች አንዲት ባለሆቴል ወርክሾፓችን የመጣች ቀን አጎቴ፣ "ዛሬ ካዋረድሽኝ ዕቃሽን ሰብስበሽ ወደ እናትሽ!" አለኝና ጋዜጣውን ይዞ ራሱ ገባ። ባለሆቴሏ አንኳኳች። በሩ ብርግድ!

አጎቴ ሱሪውን ይዞ ብድግ ሲል ያየሁትን ፈጣሪ ያስረሳኝ።

ጥፋቱ ወዲያው ገባኝ። በሩ ሲንኳኳ "ሰው አለ" የሚል ቀይ መብራት እንዲያበራ ከርነሉ ፕሮግራሙን ይቀሰቅሰዋል፤ ምን ያህል እንቅልፍ እንደቀረውም ይነግረዋል። የእኔ ተላላኪ ግን ቀሪውን ዋጥ አድርጎ "ነቅተሃል፣ በቃ" ይለዋል። ብቻዬን ስሞክር ማን ያንኳኳልኝ?

ተጣድፌ አስተካከልኩት፤ ተቀስቅሶ ከሆነ መልሶ ያስተኛው።

"አሁን አንቺ ግቢ" አለ አጎቴ።

ገባሁ። ባለሆቴሏ ደጋግማ አንኳኳች፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሁንም ንቅንቅ የለም። ፈገግታዬ ደረቀ። ለካ በጥድፊያ መልሼ የሰጠሁት ቀሪውን ሳይሆን ሙሉውን አምስት ደቂቃ ነው! በተንኳኳ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል።

"አለሽ?" አለ አጎቴ፣ እያንኳኳ።

"ጋሼ፣ አታንኳኳ!"

"እንዴት አላንኳኳ? ልጄ ታፍና!" ድው! ድው! ድው!

"ባንኳኳህ ቁጥር ይብስበታል! በናትህ እጅህን ሰብስብ!"

ማንኳኳቱ ቆመ። በኋላ ሲነግሩኝ፣ አጎቴ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ሊያንኳኳ የመጣውን ሠራተኛ ሁሉ በዓይኑ ያባርር ነበር አሉ።

በሩ ሲከፈት የአጎቴ ግንባር በላብ ርሷል። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ "ዕቃዬን ልሰብስብ?" አልኩት።

"የምን ዕቃ?" አለና ጉንጬን ሳመኝ። "ነገ ታስተካክዪው የለ እንዴ!"

ባለሆቴሏ ከሳቋ ስትመለስ ዓይኗን እየጠረገች፣ "እገዛለሁ" አለች። "አምስቷን ደቂቃ ግን አሥር አድርጉልኝ፤ የእኔ እንግዶች ያን ያህል ጨዋ አይደሉም።"