ከምድጃው ጀርባ

አገርነሽ የብረት ምድጃ ልትመርጥ ወደ አርባ ምንጭ የወረደችው ለአማቷ ብላ ነበር። እማማ ወርቂቱን በዚያ ክረምት የያዛቸው ሳል አልለቅ ብሏቸዋል። ጨንቻ ላይ ጉሙ ጠዋት በበር ይገባል፣ ከሰዓት በኋላም ተመልሶ ይመጣል። አሮጊቷ ደግሞ ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ከተሠራው ምድጃ ፊት መነሳት አይወዱም። ምድጃው ግን ከሙቀቱ ጭሱ ይበልጥ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ የተማገደ ቀን ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ይመለስና ሁሉም ዓይኑን እያሸ ያመሻል። እማማን አርባ ምንጭ ያያቸው ሐኪም ከጭስ ካልራቁ መድኃኒት ብቻውን አያድናቸውም አለ። አገርነሽ ራሷ የጨንቻ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ይህንን እሱ ሳይነግራትም ታውቀዋለች። የቸገራት አሮጊቷን ከጭሱ እንጂ ከእሳቱ ሳትነጥል እንዴት እንደምታኖራቸው ነው።

በር ያለው የብረት ምድጃ ከግድግዳው ምድጃ ውስጥ ገብቶ፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ላይ ሲያወጣ ድሮ ፈረንጆቹ ክሊኒክ አይታ ነበር። ለባሏ ለኦይታ ስትነግረው ሐሳቡን ወደደው። እማማ ግን የማየው እሳት ካልሆነ አልሞቀውም አሉ።

የሚኖሩበት ቤት በጃንሆይ ጊዜ አንድ ባለርስት ያሠራው የድንጋይ ቤት ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለመምህሩ ለኦይታ፣ ቀኙን ለካሱ ሰጠ። ካሱ ካድሬ ነው። እሱና ሚስቱ ሻሺቱ ጎረቤት ከሆኑ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ በጉርብትና ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እነኦይታ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጓል። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሊመሽ ሲል ጥቂት ምእመናን አንድ በአንድ እየመጡ፣ መስኮቱን ዘግተው ከእሳቱ ፊት በጋሞኛ ይጸልያሉ። ከመንገድ የራቀውና ግንቡ የወፈረው በምድጃው በኩል ስለሆነ ቦታውን አምነውታል። ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጆሯቸው የደከመው እማማ ወርቂቱ ብቻ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣሩ ሆነው ነው የሚጸልዩት። ቀስ ይበሉ ሲሏቸው አንዷን ዓረፍተ ነገር ዝቅ ያደርጉና ሌላዋ ላይ ይረሱታል።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ገበያው አጠገብ፣ ሙደሲር የሚባል በያጅ ነበር። አባቱ ከስልጤ መጥተው በንግድ የኖሩ ናቸው፤ እሱ ግን ብረት ይሻለኛል ብሎ ከሱቁ ጎን ወርክሾፕ ከፈተ። አገርነሽ ከጨንቻ ብርድ እንደወረደች ሹራቧን እንኳ ሳታወልቅ እዚያ ገባች። ሙደሲር ሁለት ምድጃ አሳያት። አንደኛው ራሱ ከበርሜል ላሜራ የሠራው ነው፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል፣ ሥሩ ግን ብዙ ሳይቆይ በእሳት እንደሚበላ አልደበቃትም። ሁለተኛው መንገድ ይሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ካምፕ ትተውት የሄዱት ነው። ብረቱ ከጣት ይወፍራል፤ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ አይለቀውም። በሩ ላይ መዳፍ የምታህል መስታወት አለችው። አገርነሽ የእማማን ነገር አስባ በዚህችው መስታወት ምክንያት ከባዱን መረጠች።

ሙደሲር የምድጃቸውን ስፋትና ቁመት ጠየቃት። በሜትር ለክታ ስለመጣች ነገረችው። ከባዱ ምድጃ ረጅም ስለሆነ ወደ ውስጥ ጥልቀት እንደሚፈልግ፣ የማይገባ ከሆነ የጀርባውን ድንጋይ ትንሽ መጥረብ እንደሚያስፈልግ አስረዳት። እሷም ግድ የለም፣ ወፍራም ግንብ ነው አለችው።

ረቡዕ ጠዋት ሙደሲር ምድጃውን በኤንትሬ መኪና አስጭኖ ጨንቻ ደረሰ። ብርዱን አይቶ ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል እያለ ሻዩን ሁለት እጁን አሙቆበት ጠጣ። ከዚያ እንደፈሩት ሆነና ምድጃው አንድ ስንዝር ያህል አልገባ አለ። ሙደሲር ተንበርክኮ የግድግዳውን ምድጃ ጀርባ በመዶሻ መታ አደረገ። ደግሞ መታ። ዞሮ ኦይታን አየው።

ድንጋይ አይደለም፣ ላሜራ ነው አለ። ጥቀርሻውንና ጭቃውን ሲፍቀው ዝገት የበላው ቆርቆሮ ብቅ አለ። ባለርስቱ ሁለት ክፍል በአንድ እሳት እንዲሞቅለት ከሁለቱም ወገን አፍ ያለው ምድጃ አሠርቶ ኖሯል፤ ቤቱን የከፈሉት ሰዎች መሐሉን በላሜራ ጋርደው ጭቃ ቀብተውበታል። ሙደሲር ይህንን እየተናገረ የላሜራውን ጠርዝ በፌሮ ብረት ፈልቀቅ ሲያደርገው ላሜራው ሳይታሰብ ሙሉ ለሙሉ ተነቅሎ አመዱ ላይ ወደቀ።

አቧራው ሲረጋ ኦይታ ጎንበስ ብሎ አየ።

የካሱ ሳሎን ወለል ብሎ ታየው። በዚያ በኩል ያለው የምድጃ አፍ ንጹሕ ነው፤ ቤቱ ከተከፈለ ወዲህ እሳት ነዶበት አያውቅም። ፊት ለፊቱ ግን አንድ ወንበር ተጠግቶ ተቀምጧል። ፊቱ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ጠረጴዛው አይደለም፤ ወደ ምድጃው ነው። በጣም ከመጠጋቱ የተነሳ የተቀመጠበት ሰው ጉልበቱ ግንቡን ሳይነካ አይቀርም። መቀመጫው ላይ የጎደጎደ ትራስ፣ እግሩ ሥር የሲጋራ ቁራጭ የሞላበት ጣሳ ነበር።

አገርነሽ በባሏ ትከሻ ላይ አሻግራ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦይታ ተንበረከከ። በእነዚያ ሐሙሶች የተባለው ሁሉ እንደ ጎርፍ መጣበት፤ እነማን እንደሚመጡ፣ ለታሰሩት ወንድሞች ስንቅ ማን እንደሚያደርስ፣ ኃይሌ የሚባለው ሽማኔ በመንግሥት ላይ አልቅሶ ያወጣው ቃል። ሁሉም ከዚህ ወንበር ከጥቂት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ የተነገረ ነው። እማማ ወርቂቱ ምን አገኛችሁ ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ሙደሲር ነገሩ ባይገባውም የሰዎቹን ፊት አይቶ ላሜራውን አነሳና መልሶ ለመግጠም ሞከረ።

ይህን ጊዜ በዚያ በኩል በር ተከፈተ። ሻሺቱ ነበረች። ጓዳ ልትገባ ስታልፍ በምድጃው አፍ የገባውን ብርሃን አይታ ቀረብ አለች፤ ከዚያ ጎንበስ ስትል ከኦይታ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። እሷም ደነገጠች። ከዚያ ሻሺቱ ዓይኗን ወደ ወንበሩ መለሰች።

«የእኔ አይደለም» አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱ ነው የሚቀመጥበት። ሐሙስ ሐሙስ እኔን ወደ እህቴ ቤት ይልከኛል፤ ስመለስ እዚህ ሆኖ አገኘዋለሁ። እሳት እንኳ አያነድም። የሚያስብ ይመስለኝ ነበር።»

አገርነሽ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀቻት። እዚህ ከገባን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም አለች ሻሺቱ። ለምሳ ሊመጣ ነው ዝጉት አለችና ወንበሩን ልትጎትት ይዛው ተወችው፤ ካየው ማን እንዳነሳው ይጠይቃል።

ለመዝጋት ግን ጊዜ አላገኙም። የካሱ ድምፅ በዚያ በኩል ተሰማ፤ ለሚስቱ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። ቀጥሎ እግሩ በደጅ በኩል ዞሮ ሲመጣ ሰሙት። በሁለት ዓመት ጉርብትና ደጃቸውን ረግጦት አያውቅም። ኦይታ ተነሳ። አገርነሽ የእማማን ፎጣ አነሳችና ለምን እንዳነሳችው ሳታውቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

ካሱ ገብቶ እንደምን ዋላችሁ አለ። ረጅም፣ ፊቱ የገረጣ ሰው ነው። ተነቅሎ የቆመውን ላሜራ አየ፤ ቀዳዳውን አየ፤ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ሄዶ ብረቱን በመዳፉ ዳበሰ፣ በሯንም ከፍቶ ዘጋት።

«ይሄ ነው የመረጣችሁት?» አለ።

ኦይታ አዎ ማለቱን ራሱ አልሰማውም።

ካሱ ወደ ሙደሲር ዞሮ ከኋላው ምን እንደሚያደርግበት ጠየቀው። ሙደሲር ምድጃው ገፋ ብሎ እንደሚገባ፣ ከዚያ በዚያኛው በኩል ድንጋይ ደርድሮ በጭቃ እንደሚመርገው ተናገረ።

«ድምፅ ያሳልፋል?»

ሙደሲር አያሳልፍም ጓድ አለ።

«እንግዲያው አሳምረህ ድፈነው። እኔ ጎፋ ተዛውሬያለሁ፣ እሑድ እንወጣለን። የሚተካኝ ሰው ሰኞ ይገባል። እሱ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።»

ከዚያ እማማ ወርቂቱ ፊት ቀርቦ ቁጢጥ አለ። እንደማይሰሙ ያውቃል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ በጋሞኛ ነበር የተናገረው። ሰውየው ጋሞኛ እንደሚችል ከቤቱ ሰው ማንም አያውቅም ነበር።

«መጀመሪያ የተቀመጥኩት ላስያዛችሁ ነው፣ እማማ» አለ። «ጥቂት ሐሙስ እንደሰማሁ ስሜን ጠሩ። የሻሺቱንም ጠሩ። ሁለት ጊዜ ፅንስ እንደጨነገፈባት፣ ፈርታኝ እንደደበቀችኝ ለእግዚአብሔር ሲነግሩ ሰማሁ። የሚስቴን ነገር ከእርስዎ ነው ያወቅሁት።»

ሻሺቱን ጤና ጣቢያ ያከመቻት አገርነሽ ናት። ለማንም አትንገሪብኝ ብላ ያስማለቻትም እሷን ነው። አገርነሽ የነገረችው ለአማቷ ብቻ፣ ያውም ጸልዩላት ብላ ነበር። ቀና ስትል ሻሺቱ ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ በራፉ ላይ ቆማለች። ከባሏ ጀርባ ተከትላ መጥታ፣ ጋሞኛውንም ስለምትረዳ፣ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ላይ ቁጣም እንባም አልነበረም፤ በጥፊ የተመታ ሰው ይመስል ነበር።

ካሱ ተነሳ፣ ሚስቱን አልፏት ወጣ። እሷም ቆይታ ሄደች።

ከዚያ እማማ ወርቂቱ የጠየቁት ኦይታ ያልጠበቀውን ነገር ነበር። «ስለ አገርነሽ ያልኩትንም ሰምቷል?» አሉ። ልጅ አልወለደችልኝም እያሉ ለካስ ስለ ምራታቸው ሲያማርሩ ኖረዋል፤ ያውም እሷ ጤና ጣቢያ በምታድርባቸው ሐሙሶች። አገርነሽ ይህንንም እዚያው ቆማ ሰማች። ሙደሲር ሥራውን ይቀጥል እንደሆነ ሲጠይቃት ቀጥል ብላ ውሃ ልታመጣለት ወጣች፤ ባልዲውን ግን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

ምድጃው በዚያው ቀን ገባ። ሙደሲር ከካሱ ሳሎን በኩል ጥልቅ አድርጎ ድንጋይ ደረደረ፤ ጭቃውን ደራርቦ መረገው። ወንበሩን ሲያነሳ የሚያየው ሰው አልነበረም። ሊሄድ ሲል ኦይታን ለብቻው ጠርቶ እኔ ምድጃ ገጥሜ ነው የሄድኩት፣ ሌላ ያየሁት የለም አለው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሰዎቹ እንደወትሮው አንድ በአንድ መጡና አዲሱን ምድጃ እያደነቁ ዙሪያውን ተቀመጡ። ጭስ የለም፤ ክፍሉ ሞቋል፤ በመስታወቷ ውስጥ እሳቱ ይታያል። ኦይታ ሁሉም እስኪሞሉ ጠብቆ የሆነውን ነገራቸው። መጀመሪያ አላመኑትም። ሲያምኑት ደግሞ ማንም ማንንም ማየት አልቻለም። ሽማኔው ኃይሌ ጋቢውን ሰብስቦ ብድግ አለ።

«የእኔንም ሰምቷል?» አለ።

«ሁሉንም» አለው ኦይታ።

ኃይሌ የበሩን እጀታ ይዞ ትንሽ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ነበር እኮ አለና ወጣ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ተመልሶ አልመጣም፤ ሌላ አንዲት ሴትም ቀረች። ሌሎቹ መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ጸሎታቸው ከንፈር ላይ ብቻ ነበር። እማማ ወርቂቱም አብረው ዝም አሉ። ሳላቸው እየቀለለ ሄደ፤ ሌሊት መተኛት ጀመሩ። ምራታቸውን ይቅር በይኝ ያሏት ግን መስከረም ጠብቶ ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጠዋት የካሱን ዕቃ የሚጭን መኪና ደጅ ቆመ። አገርነሽ ከረቡዕ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ሻሺቱ ብቻዋን ፍራሽ ስትጠቀልል አየቻትና ሄዳ አጠገቧ ቆመች። የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ አፏን ስትከፍት ግን ያደራሽን ነገር አላግባብ አወጣሁት ከሚለው ሌላ አልወጣት አለ።

ሻሺቱ ገመዱን እያሰረች አዳመጠቻት።

«አንድ ሐሙስ ከእህቴ ቤት ስመለስ» አለች፣ «እንጨቱ ተፈልጦ፣ ውሃው ተቀድቶ፣ እራቱም ተሠርቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ዕቃ አላስነሳኝም። ሌላ ሴት ይዞ ነው፣ ጸጸት ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ረቡዕ ነው የገባኝ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ፍራሹን በአንድ በኩል ያዥልኝ አለቻት፤ ሁለቱ አንስተው መኪናው ላይ ጫኑት። ካሱ ከጋቢናው ሆኖ ወደፊት እያየ ነበር። መኪናው ጉሙ ውስጥ ገብቶ የቁልቁለቱን መንገድ እስኪይዝ ድረስ አገርነሽ ደጁ ላይ ቆማ ቀረች።