እትዬ ጥሩወርቅ የዘለሏቸው ገጾች

1.

«ማኅደር፣ ክፈቺልኝ። እኔ ነኝ» አለ ከበሩ ውጭ ያለው ድምፅ።

ድምፁ የዶክተር ይርጋ ነበር። ዶክተር ይርጋ ግን ማኅደር እግር ሥር ሞቶ ተጋድሟል።

2.

ብሩክታይት መጽሐፉን ደረቷ ላይ ደፍታ ጣሪያውን አየች። ልቧ ይደልቃል። የአዳማ ሙቀት ግድግዳውን ሳይቀር ያላበዋል፤ ቬንቲሌተሩ እየተንቋቋ ይዞራል፤ እሷ ግን ጨረቃ ላይ ናት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጨረቃ ጀርባ ባለ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ሰዎች አንድ በአንድ ይሞታሉ። የሚገድላቸው ነገር መልክ የለውም። የገደለውን ሰው ድምፅ ግን ይማራል፤ ትዝታውንም ይወርሳል። ከዚያ በር ላይ ቆሞ፣ በሟቹ አንደበት፣ «ክፈቱልኝ» ይላል። በሕይወት የቀረችው ኢንጂነር ማኅደር ብቻ ናት።

አንድ ገጽ ብቻ ልጨምር፣ አለች ብሩክታይት። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ስትል ነው።

3.

ሐኪሟ ያዘዘችው፦

ተኚ።

እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊ።

ከባድ ነገር አታንሺ። ቀላልም አታንሺ።

አትጨነቂ።

(አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሞክረው። ጋደም በል፣ አትነሣ፣ አትጨነቅ። ከአራቱ ትእዛዝ የትኛው እንደሚከብድ ያኔ ይገባሃል።)

4.

ብሩክታይት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም መንፈቅ ሳይሞላቸው አጥታለች። በሦስተኛው ሐኪሟ «የማኅፀንሽ በር አቅም የለውም፤ ጊዜው ሳይደርስ ይከፈታል» አለችና በክር ሰፋችው።

በዚህም በር፣ በዚያም በር ብለህ ተራኪውን አትጠርጥር። ይኼኛውን በር እዚያ ያስቀመጠው ቋንቋችን ነው።

5.

ባሏ ናሁሰናይ አፋር ውስጥ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የሚያስታምማት ቢጠፋ እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ከአሰላ ወረዱ። እትዬ ጥሩወርቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማዘጋጃ ቤት ታይፒስት የነበሩ፣ ጀርባቸው ዛሬም ቀጥ ያለ፣ አንድ ፊደል ሲሳሳት የሚያማቸው ሴት ናቸው። የመጣላቸውን ምግብ ሁሉ ካበሏት በኋላ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ዐረፈ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብ ወለድ ነው፣ እትዬ።»

«ይኼ ሽፋኑ ላይ ያለው የሰው እጅ ነው?»

«እጅ ይመስላል እንጂ...»

«እጅ ይመስላል!» አማተቡ። «ነፍሰ ጡር ክፉ አታይም፣ ክፉ አትሰማም። ሾተላይ* ደጅ ደጁን እየዞረ አንቺ ጭራቅ ትጠሪያለሽ?»

መጽሐፉን ከእጇ ወስደው ወጡ።

* ሾተላይ፦ ሕፃናትን እየተከታተለ ይቀጥፋል የሚባል። ሐኪሞች ሌላ ስም ይሰጡታል። እትዬ ጥሩወርቅ የሚያውቁት በዚህኛው ነው። እንዴት እንዳወቁት አልተናገሩም።

6.

ብሩክታይት ያንን መጽሐፍ ስታነብ የምትፈራው የጨረቃውን ነገር ነበር። መጽሐፉ ሲሄድ ፍርሃቱ ቦታ ቀየረ።

አሁን የሚያስፈራት ሆዷ ብቻ ሆነ።

ተንቀሳቀሰ? አልተንቀሳቀሰም። ይኼ ቁርጠት ነው ወይስ ረኃብ? ዞር ልበል? አልበል? ባጃጅ ጡሩምባ ሲያሰማ ትደነግጣለች። ዝም ሲል ደግሞ ዝምታው ያስደነግጣታል።

7.

ስልክ።

እሱ፦ በላሽ?

እሷ፦ እናትህ ባሉበት አለመብላት ይቻላል?

እሱ፦ ተንቀሳቀሰ?

እሷ፦ አትጠይቀኝ። ናሁ፣ መጽሐፌን ወሰዱብኝ።

እሱ፦ እማዬ ከወሰደች ወሰደች ነው። የኔን ኳስ እስከ ዛሬ አልመለሰችም።

እሷ፦ በሩን ልትከፍተው ነበር እኮ!

እሱ፦ ማን? የምን በር? ብሩክ? ሃሎ?

(ኔትወርኩ ተቋረጠ።)

8.

ተነሣች።

9.

ግድግዳውን ይዛ ወደ ሳሎን አመራች። ከማድ ቤት የሚያርር ሽንኩርት ሽታ ይመጣል። የሚያማስለው የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልክ ሊነሡ እንዳሉ ሰው ተቀምጠው፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዶ፣ ከንፈራቸውን እያነቃነቁ ያነባሉ። መጽሐፉን ከግማሽ በላይ አልፈውታል።

«እትዬ» አለች ብሩክታይት።

እትዬ ጥሩወርቅ እሪ ብለው መጽሐፉን ወረወሩት። ብሩክታይትም እሪ አለች። ከዚያ ሁለቱም ተያይተው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል፣ ብሩክታይት በጭኗ ላይ የሚወርድ ሙቀት ተሰማት።

10.

ደም።

11.

የጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረሳት። ሐኪሟ አየችና «ክሩ ይዟል፤ ሕፃኑም ልቡ ይመታል። ካሁን በኋላ ግን እስክትወልጂ ከዚህ አልጋ አትወርጂም» አለች።

እትዬ ጥሩወርቅ አልጋው አጠገብ ቆመዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ።

«ባልወስድብሽ ኖሮ አትነሺም ነበር።»

«እኔ ነኝ የተነሣሁት፣ እትዬ።»

«እህ። እኔ ደግሞ ሽንኩርት አሳርሬ ጭራቅ ሳነብ ነበር።»

ከቦርሳቸው መጽሐፉን አወጡ። ደም የነካው ልብስ ሲያጥፉ፣ ስልክ ሲፈልጉ፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል እሱን መያዝ አልረሱም ነበር።

«አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ። እኔ አነብልሻለሁ።»

12.

ያነበቡት እንዲህ ነበር፦

«ማኅደር ወደ በሩ ቀረበች። በክቡ መስታወት በኩል ስታይ                                        ፤ እሷም ሻይ አፈላች።»

«ሻይ?»

«ሻይ። ሰው አይደለችም እንዴ?»

«ዶክተር ይርጋ ወለሉ ላይ                         ጥቂት ዐረፍ ብሎ ተነሣ።»

«እትዬ፣ ይርጋ እኮ ሞቷል።»

«ደክሞት ነበር።»

በክፍሉ ያሉት ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ትራሳቸውን ወደዚህ አዙረው ማዳመጥ ጀመሩ። አንዷ ይርጋ ማኅደርን እንዲያገባ ፈለገች። እትዬ ጥሩወርቅ በማግስቱ አጋቧቸው።

ብሩክታይት አልተቃወመችም። ሌላውም ነገር ሁሉ በእትዬ ጥሩወርቅ እጅ የሚሰምር እየመሰላት ነበር።

13.



14.

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ መድኃኒት ሊገዙ ወጡ። መጽሐፉ ወንበሩ ላይ ቀረ። ብሩክታይት እጇን ብቻ ዘርግታ አነሣችው። የተዘለሉትን ማግኘት ቀላል ነበር። ታይፒስቷ በእርሳስ በቀጭኑ ምልክት አድርገውባቸዋል።

አብዛኛው የጠበቀችው ነው፤ የተቀደደ ልብስ፣ ጣሪያ ላይ የሚሄድ ነገር፣ የማይዘጋ ዓይን። ያነበበችው ሁሉ በደስታ ዘገነናት።

አንዱ ግን ደም የለበትም። ማኅደር፣ ይርጋ በሕይወት ሳለ፣ ከዓመታት በፊት ተወልዳ ስለሞተችበት ሕፃን የነገራትን ታስታውሳለች። ቀጥሎ ባለው ገጽ በሩ ላይ ያለው ነገር በይርጋ ድምፅ መለመኑን ይተዋል። ከበሩ ውጭ ሕፃን ታለቅሳለች።

እዚህ ላይ እርሳሱ ቀጭን አልነበረም። ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

ለኔ አዝነው ነው፣ አለች ብሩክታይት በልቧ። መጽሐፉን ወደ ወንበሩ መለሰችው።

15.

የመጨረሻው ምዕራፍ ሳይነበብ ምጥ መጣ። ጊዜው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ግን መጥፎ አልነበረም። ሐኪሟ ክሩን ቆረጠች። ልጅቷ ትንሽ ነበረች፣ ቀይ፣ ቁጡ። ማሞቂያ ውስጥ ሰነበተች፣ መጥባት ለመደች፣ ወፈረች። ናሁሰናይ አቧራውን ሳያራግፍ ከአፋር መጥቶ በመስታወት ሲያያት ተንሰቀሰቀ።

ወደ ቤት ገቡ። ሕፃኗ ደህና ናት። ይህን በግልጽ እጽፈዋለሁ፤ አንባቢን በዚህ ማንጠልጠል ነውር ነው።

16.

ናሁሰናይ ዕቃ ሊገዛ ገበያ የወጣ ዕለት፣ ብሩክታይት ልጅቷን እያጠባች፦

«እትዬ፣ መጽሐፉ እኮ አላለቀም። አሁን እንዳለ ያንብቡልኝ። የዘለሉትንም ጭምር።»

«እኔ ምን ዘለልኩ?»

«ሻዩን ማን አፈላው?»

እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስነባቸው ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ። ይርጋን ገደሉት። ጣሪያ ላይ የሚሄደውን አስኬዱት። ድምፃቸው እንደ ታይፕ መኪና ደረቅና እኩል ነበር። ደማቁ እርሳስ ጋ ደረሱ።

«ከበሩ ውጭ ሕፃን...»

ቆሙ።

«ከበሩ ውጭ...»

17.

«ላንቺ ብዬ አልነበረም የዘለልኩት» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ታዲያ?»

«ከናሁሰናይ በፊት ሁለት ወልጃለሁ። የመጀመሪያው ድምፅም አላሰማ። ሁለተኛዋ አለቀሰች። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለቀሰች። ከዚያ ተወችው።»

ብሩክታይት ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አማቴ ‹እንዳታለቅሺ፣ ሾተላይ ይሰማል፤ የሚመጣውንም ይወስዳል› አሉኝ። አላለቀስኩም። ሲቀብሯት ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አንሥቶብኝ አያውቅም። ይኼ መጽሐፍ ነው ያነሣብኝ።»

«ናሁሰናይ ያውቃል?»

«ማን ነግሮት።»

ከመንገድ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ። ማኅደር እጀታውን እንደያዘች ናት። ትክፈት፣ አትክፈት ያነበበ የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ገጹ ውስጥ አውራ ጣታቸውን ትተው መጽሐፉን ዘጉት።

«ስም ነበራት፣ እትዬ?»

«በልቤ አውጥቼላት ነበር። ጮክ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠርቻት አላውቅም።»

«አሁን ይጥሯት።»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ በሩ አዩ። ጀርባቸውን አቀኑ። ትንፋሽ ሳቡ። ጠሯት።

18.

«                              »