እየጠራ የቀረ ስልክ

አዛውንቱ ሾፌር እንደተናገሩት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከክፍል እስኪወጡ አውቶቡሳቸውን አቁመው ሲጠብቁ የሲጋራ አምሮት ድንገት ያዛቸው። ስልካቸውን አውጥተው ለአጋራቸው ደወሉ። ስልኩ ጠራ። እስኪቋረጥ ድረስ ጠራ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ከዚያ ወርደው ከአጥሩ ጥግ ካለችው ሱቅ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዙና አጨሱ።

አጋራቸው ጨርቅ ቆራጩ እንደተናገረው ደግሞ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጨርሶ አልጠራም። ባትሪው ከምሳ በፊት አልቆ ነበር። ቻርጀሩን ቤት ረስቶት ስለመጣ ስልኩ እስከ ማታ ተዘግቶ ዋለ። ቢጠራማ ኖሮ የመቁረጫ ማሽኑን አጥፍቶ ያነሳ ነበር። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሁለቱም ይህን የተናገሩት ቅዳሜ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ክፍሉ በሌላው ቀን ሕፃናት የሚከተቡበት የጤና ጣቢያ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ፊኛ የያዘ ዝሆን ተሥሎበታል፤ ጥግ ላይ የሕፃናት ሚዛን ተንጠልጥሏል። ሲጋራ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች በየሳምንቱ እዚህ እየተሰበሰቡ ይመካከራሉ፣ ይበረታታሉ። የተዘጋ ስልክ እንደማይጠራ ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ስብሰባውን የምትመራው ነርስ፣ ሁሉም "ሲስተር" የሚሏት፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በመጨረሻ የተናገሩት ሾፌሩ ራሳቸው ናቸው።

"ተዘግቶ ነበር ካለ ተዘግቶ ነበር" አሉ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሌላ ሰው ጋ ደውዬ ይሆናል። ጆሮዬም እንደ እግሬ እየከዳኝ ነው መሰለኝ።"

"ጋሼ ደግሞ! የድሮ ወዳጅዎ ጋ ደውለው እንዳይሆን!" አለች ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ነገሩን በሳቅ ለማብረድ።

ጥቂቶች ሳቁ። ቆራጩም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቁን በኋላ ባስታወሰ ቁጥር ገላው ሽምቅቅ ይል ነበር።

ሾፌሩ አልሳቁም። ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው አራገፉት። "ለማንኛውም ከእንግዲህ አትጠብቁኝ። የጠራና ያልጠራ ስልክ መለየት ካቃተኝ ይኼ ነገር በኔ ዕድሜ የሚሆን አይደለም። እናንተ ወጣቶቹ በርቱ።" ሲስተር "ኧረ ጋሼ፣ ይቀመጡ" ብትል፣ ፀጉር ሠሪዋ እጃቸውን ብትይዝ፣ አልሆነም። ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ያቺን እግር ክፍሉ ሁሉ ያውቃታል። ደም የሚያመላልሱት ሥሮች ጠበዋል። ሐኪሙ ፊት ለፊት ነው የነገራቸው፤ ሲጋራውን ካቆሙ በሕክምና ሊያድናት ይሞክራል፣ ካላቆሙ ግን የሚቀረው መቁረጥ ነው። ሾፌር ያለ እግር ምን እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ቆራጩ በሩ ሲዘጋ ሰማና ጫማውን ማየት ጀመረ። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስልኩ ጠርቷል።

በዚህ ስብስብ ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። እያንዳንዱ ሰው አጋር ይሰጠዋል፤ አምሮቱ ሲመጣበት ለአጋሩ ይደውላል። ሲደውል ግን ስለ ሲጋራ አይወራም። ደዋዩ ፊት ለፊቱ የሚያየውን ይናገራል፣ ያነሳውም በተራው ዓይኑ ያረፈበትን ይናገራል። እንዲህ እየተቀባበሉ አምሮቱ እስኪያልፍ ይቆያሉ። "አንዲት ድመት የአውቶቡሴ ጎማ ላይ ተኝታለች፣ ቤት ኪራይ ሳትከፍል" ይላሉ ሾፌሩ። "እኔ ጋ ጠረጴዛ ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ አለቃዬ ደግሞ ሰው የማያየው መስሎት አፍንጫውን ይጎረጉራል" ይላል ቆራጩ። ሾፌሩ ሳል እስኪያፍናቸው ይስቃሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ፊታችሁ የሌለውን አታውሩ።

ረቡዕ ዕለት ስልኩ ሲጠራ ቆራጩ ከፋብሪካው መጋዘን ጀርባ፣ በግድግዳውና በጄኔሬተሩ ቤት መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቆሞ ነበር። ፊቱ ያለው የራሱ እጅ ነው፤ በእጁ የያዘው ሲጋራ። ስክሪኑ ላይ "ጋሼ ሾፌር" የሚል ስም ይበራል። አንስቶ ምን ይበል? ጨርቅ ይታየኛል? ያን ማለት አቃተው። ስልኩ መዳፉ ላይ እየተንቀጠቀጠ እስኪቋረጥ አየው። ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ የሚያየው ሰው ያለ ይመስል። ሲጋራውን እዚያው ረግጦ አጥፍቶት ቢሆን እንኳ ለራሱ የሚላት ነገር ይኖረው ነበር። አላጠፋውም። ጣቱን እስኪፈጀው ድረስ ጨረሰው።

ያቺ ሲጋራ የመጀመሪያዋ አልነበረችም። ከሳምንታት በፊት ለአንድ ትልቅ ትእዛዝ ጨርቅ ሲደራርብ ንድፉን መገልበጥ ረስቶ ያን ሁሉ እጅጌ የግራ ብቻ አድርጎ ቆረጠው። አለቃው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ "የኛን ልብስ የሚለብሱት ሁለት ግራ እጅ ያላቸው ናቸው እንዴ?" ብሎ ጮኸበት። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ አዘነለትና "እንካ፣ አንድ ብቻ፣ ንዴትህ እንዲወጣልህ" አለው። ተቀበለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለመናዘዝ አስቦ ነበር። ግን በዚያው ቅዳሜ ሲስተር ለአዲስ ገቢዎቹ እንዲናገር ጋበዘችው፤ አለቃ ሲቆጣ እንዴት ሳያጨስ እንደሚያልፈው እንዲያስረዳ። ተነስቶ አስረዳ። ያውም አሳምሮ። አጨበጨቡለት። ፀጉር ሠሪዋ "ቆራጡ" የሚል ስም ያወጣችለት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ወዲያ እውነቱን መናገር በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ።

ሾፌሩ ጥለው የወጡ ዕለት ቆራጩ ቤት ሲገባ ሚስቱ ከወንድሟ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። "ያንተን አላውቅም፣ የኔ ባል ግን ትቷል፤ ሰው ከፈለገ ይችላል" ስትል ሰማት። እሱን ስታይ ፈገግ አለች። ጃኬቱን ሊሰቅል እጁን ሲዘረጋ ቀድማ ተቀበለችው፤ ከዚያ አንዴ ቆም አለች። አፉ ውስጥ ያለው ማስቲካ ድንገት እንደ ጎማ ሆነበት። ጃኬቱን መኝታ ቤት አልወሰደችውም። የበረንዳውን በር ከፍታ ውጭ ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

"ትንሽ ነፋስ ይንካው" አለች። ወደ ስልኩ ተመልሳ ወንድሟን ስለ ልጆቹ ትምህርት መጠየቅ ጀመረች። ስለ ባሏ የጀመረችውን አልቀጠለችም።

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እጁን እስኪቀላ ታጠበ፤ እራት ላይም ቀና ብሎ አላያትም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። አውቶቡሷ አጥሩ ሥር ቆማለች። ሾፌሩ ከመሪው ጀርባ ተቀምጠው መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ያ የፊታቸው ብርሃን ነው ይበልጥ የጎዳው።

"አንተ ልጅ! ግባ እንጂ። ምነው በደህና?"

ከጎናቸው ተቀመጠ። ሊናገር የመጣውን ትቶ ያልመጣበትን ጀመረ። "ጋሼ፣ ተስፋ አይቁረጡ። አንድ ቀን መሳሳት ያለ ነው። ጠንከር ማለት ነው እንጂ…" እያለ ለአዲስ ገቢዎቹ የሚላትን ሁሉ ደገመላቸው። ሾፌሩ አንገታቸውን እየነቀነቁ በትሕትና ሰሙት። ከልጃቸው የሚያንስ ሰው ሲመክራቸው፣ እንደ ተማሪ።

"ልክ ነህ" አሉ በመጨረሻ። "ግን የኔ ነገር ሲጋራው ብቻ አይደለም። ትናንት ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። የደወልኩበትን ከፍታ አየች። ቁጥሩ ያንተው ነው፤ ሁለቴ። 'ታዲያ የተዘጋ ስልክ እንዴት ጠራ?' አለችኝ። 'እንጃ፣ የሰማሁ መስሎኝ ይሆናል' አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'አባባ፣ የሌለ ድምፅ መስማት ከጀመርክ ሐኪም ይይህ' አትለኝም!" ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። "እውነቷን ነው። ልጆች የምጭን ሰው ነኝ። የሌለ ነገር የሚሰማ ሰው የሰው ልጅ ይዞ መንገድ መውጣት አለበት? ለኃላፊው ልነግረውና መኪናዋን ላስረክብ እያሰብኩ ነው።"

ቆራጩ ወደ ሾፌሩ ዞረ። ውሸቱ የት ድረስ እንደሄደ ያየው አሁን ነው። እሱ የፈለገው አንዲት ቅዳሜን ማለፍ ብቻ ነበር። እኚህ ሰው ግን የሱን ቃል አምነው የገዛ ጆሯቸውን ክደዋል።

"ጋሼ፣ ጠርቷል።"

"ምኑ?"

"ስልኩ። ጠርቷል። ሁለቴም። እጄ ላይ ነበር። እያጨስኩ ነበር። ለዚያ ነው ያላነሳሁት።"

ሾፌሩ የመወልወያውን ጨርቅ ቀስ ብለው አጠፉት። ደግመው አጠፉት። መሪው ላይ አስቀመጡት።

"ማጨስህን ተወው" አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። "ማጨስ እኔም አጨስኩ። አለማንሳትህንም ተወው፤ አፍረህ ነው። ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት እኔን አስቀምጠህ፣ ጆሮዬ ከዳኝ ስል እየሰማህ፣ ዝም አልክ። አልፈህም ሳቅህ። አይቼሃለሁ።"

"ጋሼ፣ ይቅር…"

"ውረድ።"

"አንዴ ብቻ ይስሙኝ።"

"ልጆቹ እየመጡ ነው። ውረድ ከመኪናዬ!"

ሲወርድ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ቦርሳ በቦርሳ ሆነው ሲገፋፉ መሃላቸው ተቀረቀረ። አንዲት ልጅ "ጋሼ፣ ማነው ሰውዬው?" ብላ ስትጠይቅ ሰማ።

"እንጃ ልጄ። መንገድ ጠፍቶበት ነው" አሉ ሾፌሩ።

ቅዳሜ ሲደርስ አልሄድም ብሎ አልጋው ላይ ተገላበጠ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ "ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?" አለችው። ጃኬቱን አቀበለችው።

ክፍሉ ሲገባ ሾፌሩ አልነበሩም። ወንበራቸው ባዶውን ነው። ሲስተር እንደ ልማዷ "እስቲ ማን ይጀምር?" ስትል ከማንም ቀድሞ ተነሳ።

"ረቡዕ ዕለት… ማለቴ ያን ረቡዕ… ባትሪው እውነትም ደካማ ነው…" ብሎ ጀመረና ቆመ። ራሱን ሰማው። "አይ። ባትሪው ደህና ነው። ስልኩ ጠርቷል። እያጨስኩ ስለነበር አላነሳሁም። ማጨስ ከጀመርኩም ቆይቻለሁ፤ አለቃ ሲቆጣ እንዲህ አድርጉ ብዬ ስነግራችሁም እያጨስኩ ነበር። ጋሼ ትክክል ነበሩ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ፀጉር ሠሪዋ "ቆራጡ ያልኩበትን ምላሴን ይቁረጠው!" አለች፤ በዚህ ጊዜ ግን አልቀለደችም። ይበልጥ የከበደው ግን የአንዲት አዲስ ገቢ ዳቦ ጋጋሪ ነገር ነው። እሷ አልተቆጣችም። "እኔ እኮ አንተን እያየሁ ነበር የምታገለው" ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ አየች። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ሾፌሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እያነከሱ ገቡ። ከውጭ ምን ያህሉን እንደሰሙ አልታወቀም። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ጋሼ፣ እንኳን መጡ። ነገሩን ነግሮናል። ሥርዓታችንን ያውቁታል፤ እሱ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ እስኪጠና ድረስም የሰው ስልክ ተቀባይ አይሆንም። እርስዎ ሌላ አጋር ይመረጥልዎታል።"

"እኔ አለሁ!" አለች ፀጉር ሠሪዋ እጇን እያነሳች። "ስልክ ከእጄ አይለይም፣ ደንበኞቼ ይመስክሩ። የሙሽራ ፀጉር እየተኮስኩም ቢሆን አነሳለሁ፤ ቢያርም ይረር!"

ሾፌሩ ወደሷ አዩ፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ቆራጩ ዞሩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። እሱ ዓይናቸውን ሊሸሽ ፈለገ፤ ግን የሚሸሽበት አልነበረም፤ ቆሞ ታየ። በፊታቸው ላይ ይቅርታ የሚመስል ነገር አልነበረም። ቁጣውም እንዳለ ነው። የታመመች እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አመቻቿት።

"እኔ ከእንግዲህ የምደውለው ለሷ ነው" አሉ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ። "በሱ ስልክ እግሬን አላስይዝም። እሱ ግን ለኔ ይደውል። አነሳለታለሁ።"